የቆቃ ውኃ ስለ ምን አረንጓዴ ይሆናል

አዋሽ ተገድቦ የቆቃ ሐይቅ ከተፈጠረበት ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ በዳሩ የሚኖር ሰው ዓሣውንም ውኃውንም ከርሱ ያገኛል። ነገር ግን ውኃው አንዳንድ ጊዜ እንደ ተወቀጠ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። በዚህ ፀሐይን ብቻ መክሰስ ግማሽ ፍርድ ነው፤ ግብረ አበር አላትና። ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርድ ቆሻሻ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይዘው ይገባሉ፤ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ አልጌ የሚባለው ደቂቅ ፍጥረት በዚህ ምግብ ጠግቦ ይረባል።

በባሕርም ነገሩ ይመሳሰላል። በቀይ ባሕር እንዳለው ያለ መርጃን በገላው ውስጥ በሚያኖረው አልጌ ይመገባል፤ ናይትሮጅን በዝቶ ፎስፎረስ ሲያንስበት ግን ቀድሞ ይችለው የነበረውን ሙቀት መቻል ተስኖት ይነጣል።

እመቤቶች ሆይ፥ እዚህ ላይ አስተውሉ። በቆቃ የተገኘው ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ወገን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያወጣል። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋም፤ በነጠላ ማጥለልም እንዲሁ። ስለዚህ አረንጓዴ የሆነውን ውኃ ለሕፃን ማጠጣት፥ ሊጥም በርሱ ማቡካት፥ ከብትንም ወደርሱ መንዳት አይገባም። መንገዱ ቢርቅም ከቧንቧ ይቀዳ። የስምጥ ሸለቆው ጉድጓድ ብዙውን ጊዜ ፍሎራይድ ይበዛበታልና፥ የልጆችን ጥርስ እንዳያበልዝ ተመርምሮ የተፈቀደውን መለየት ያሻል።