የአብራሪው ቃልና የተቆጣጣሪው ውሳኔ

በክረምት ከሰዓት በኋላ በሀቢቾና በሆሳዕና ዙሪያ ያለው ደጋ ሲሞቅ እርጥብ አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ የነጎድጓድ ደመናም ይገነባል። በዚህ ሰማይ የሚያልፍ አውሮፕላን ሊናወጥ ይችላል። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ራዳር ግን አውሮፕላኑ የት እንዳለ ያሳያል እንጂ መናወጡን አያሳይም። በመሆኑም ተቆጣጣሪው በእጅጉ የሚመካው ቀድሞ ያለፈ አብራሪ በሬዲዮ በሚሰጠው ሪፖርት ላይ ነው። ሪፖርቱን ለተከታዩ ያስተላልፋል፤ አብራሪው ሲጠይቅም የሌሎችን አውሮፕላኖች ርቀት ጠብቆ ከፍታ ወይም አቅጣጫ እንዲቀይር ይፈቅዳል።

ችግሩ ሪፖርቱ የሚገለጽበት ቃል ነው። «ቀላል»፣ «መካከለኛ» እና «ከባድ» የሚለው ምደባ አውሮፕላኑ የደረሰበትን እንጂ የአየሩን ጉልበት አይለካም። ቦይንግ 777 «ቀላል» ያለው መናወጥ በትንሹ ዳሽ 8 ላይ ሊበረታ ይችላል። ስለዚህ የአውሮፕላኑ ዓይነት ያልተጠቀሰበት ሪፖርት ግማሽ መረጃ ነው።

ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ አውሮፕላን በማይናማር ሰማይ በድንገት ተናውጦ ብዙዎች ተጎድተዋል፤ አንድ መንገደኛም ሞቷል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ መናወጥን ከአውሮፕላኑ ዓይነት ነጻ አድርጎ የሚገልጽ ልኬት አለ፤ መሣሪያው ግን በሁሉም አውሮፕላኖች ላይ አይገኝም። እስከዚያው የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ ከፍታው፣ ቦታውና ሰዓቱ ሳይነጣጠሉ ሊተላለፉ ይገባል። የሬዲዮ ጊዜ ውድ ነው የሚለው መከራከሪያ ሚዛን አይደፋም፤ የአውሮፕላን ዓይነት መጥራት ከጥቂት ቃላት አያልፍም። እነዚህን ሪፖርቶች ከሚቲዎሮሎጂ ምልከታ ጋር ማነጻጸር ደግሞ ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች የሚገባ ሥራ ነው።