ስታፋው ይቆጠር

በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌና የዶፈን አካባቢ ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ጥለው ሲወጡ፣ ጅማ ውስጥ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ነገር ነበር፦ «ይሄ የአፋርና የመተሃራ ነገር ነው፤ እኛን አይነካንም።» አነጋገሩ ያስፈራኛል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም. የሆነውን ረስተናል ማለት ነውና።

ያን እሑድ ሆሳዕና አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ መጠኑ ከ5 ብዙም ያለፈ አልነበረም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግን ተማሪዎች ተጎዱ። የጎዳቸውም በዋናነት ድንጋጤና ግፊያ ነው። ምድር ስትነቃነቅ ደረጃ ላይ መሮጥ እንደማይገባ፣ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን ከልሎ ንዝረቱ እስኪያልፍ መጠበቅ እንደሚሻል ማን ነግሯቸው ያውቃል? ዛሬስ በአጋሮና በሊሙ ገነት ትምህርት ቤቶች ማን ይነግራል?

ስምጥ ሸለቆው ከዚያ የበለጠ ጉልበት እንዳለው አሳይቶናል። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. የደረሰው ከ6.5 የማያንስ ነበር፤ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈራረሰች፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ ጠፋች። ይህን ታሪክ ለቅሞ በመጽሐፍ ያስቀመጠልን የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋመው ካናዳዊው ፒየር ጉዋን ነው፤ ባለውለታችን ነው።

በ1898 በአገራችን የነበረው አብዛኛው ቤት ቋሚና ማገር ነው። ጭቃው ቢረግፍ እንጨቱ ይወዛወዛል እንጂ እንደ ድንጋይ ክምር አይናድም። አሁን ግን በጅማ የቡናው ገንዘብ ሲገባ የሚነሣው ብሎኬትና ፎቅ ነው። መልካም ነው፤ ሰው በላቡ ያገኘውን ቤት ይሥራበት። የሚያሳስበኝ ኮለኑ ነው። የቆመውን ፌሮ አቅፎ የሚይዘው ስታፋ ከኮለኑ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ ጠበብ ጠበብ ብሎ መታሠር፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ታጥፎ መቀርቀር አለበት። ብረት ሲወደድ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው፤ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ደግሞ ማንም አያየውም።

በ2002 ዓ.ም. ጥር ሄይቲን የመታው 7.0 ነበር፤ ከ100 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። በየካቲት ቺሊን የመታው 8.8 ነው፤ ጉልበቱ በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል፤ የሞተው ግን 500 ገደማ ነው። ቺሊ የግንባታ ሕጓን የምር ታስከብራለች።

እኛም ሕጉ አለን። የጅማና የአጋሮ የግንባታ ተቆጣጣሪዎች ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ቦታው ላይ ይገኙ፣ ስታፋውን በእጃቸው ይቁጠሩ። ባለቤቱም ፎርማው ከመዘጋቱ በፊት ፌሮ ሠራተኛውን «እስቲ አሳየኝ» ይበለው።