ዝም ይነቅዛል

«ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ከአባቶቻችን ወርሰናል። ለሐሜተኛና ለለፍላፊ ሲነገር መልካም ምክር ነው። ነገር ግን ፊደል የቈጠረው ወጣት ይህን ተረት ከቦታው አንሥቶ የፍርሃቱ መጋረጃ ሲያደርገው አያለሁ። ግፍ ሲሠራ እያየ፥ «ጠመንጃ የለኝ፤ ሥልጣን የለኝ፤ የተማርሁት ለእንጀራዬ ነው፤ እኔ ባውቅ ባላውቅ ምን ይለወጣል?» ይላል። ክርክሬ ከዚህ ወጣት ጋራ ነው። ምስክር አድርጌ የማቀርብለትም ጠመንጃ ያልያዘች፥ ሥልጣን ያልነበራት አንዲት ፈረንሳዊት ሴት ናት። ዘመኑን የምቈጥረው እንደ አውሮፓ ነው።

ዤርሜን ቲዮን በ1907 ተወለደች። ሥራዋ የሕዝቦችን ልማድ መመርመር ስለ ነበረ፥ ከ1934 እስከ 1940 ድረስ ወደ አልጄሪያ ወደ ኦሬስ ተራሮች እየተመላለሰች የባላገሩን የጋብቻና የዝምድና ሥርዓት ትጽፍ ነበር። በ1940 ወደ ፓሪስ ስትመለስ አገርዋን ለጀርመን እጅዋን ስትሰጥ አገኘቻት። ብዙ ሰው «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» እንደሚባለው ዐንገቱን ደፋ። እርስዋ ግን ከጥቂት ሰዎች ጋራ ተባብራ ምርኮኞችን ማሸሽና የጠላትን ወሬ ማቀበል ጀመረች። ከዚሁ ማኅበር ሰባት ወንዶች በፌብሩዋሪ 1942 በጥይት ተደብድበው ሞቱ። እርስዋንም ወዳጅ መስሎ የገባ፥ የጠላትን ገንዘብ የሚበላ አንድ ቄስ አሳልፎ ሰጣትና በኦገስት 1942 ተያዘች።

በኦክቶበር 1943 ከበርሊን በስተ ሰሜን ወዳለው ወደ ራቨንስብሩክ ተጋዘች። ይህ የሴቶች ማጎሪያ ሠፈር በ1939 ተከፍቶ እስከ 1945 ድረስ ከ120,000 የሚበልጡ ሴቶች ገብተውበታል። በዐሥር ሺህ የሚቈጠሩትም በረኀብ፥ በበሽታ፥ በድካም፥ በጥይትና በመርዝ ጢስ አልቀውበታል።

እንግዲህ እጅዋ ባዶ የሆነ ምሁር በእንዲህ ያለ ቦታ ምን ታደርጋለች? ቲዮን መረመረች፤ ቈጠረች። የናዚ ጭፍሮች እስረኞቹን ለፋብሪካ ባለቤቶች በቀን ሒሳብ ያከራዩ እንደ ነበር ደረሰችበት። ኪራዩ ስንት ነው፥ ምግቡ ስንት ነው፥ አንዲት ሴት እስክትሞት ድረስ ስንት ትርፍ ትሰጣለች ብላ አሰላች፤ በ1944ም ለጓደኞችዋ በድብቅ አስረዳቻቸው። ያን ቀን መከራው አልቀለለም። ነገር ግን ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ይመስላቸው የነበረው ነገር፥ ሰዎች ለገንዘብና ለክፋት ያቆሙት ሥራ መሆኑን አወቁ። ሰው የሠራውን ደግሞ ሰው ሊያፈርሰው ይችላል።

በዚያው ዓመት መገባደጃ፥ ጓደኞችዋ እየከለሉላት በዕቃ ሣጥን ውስጥ ተሸሽጋ በራሳቸው መከራ የሚያሥቅ የዘፈን ድርሰት ጻፈች። «በሞት ደጅ ላይ ሣቅ ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን የምመልሰው እንዲህ ነው፤ ወኅኒ ጠባቂው እስረኛይቱን የሚፈልጋት በእርሱ ዐይን ራስዋን እንድታይ ነው። የሣቀችበት ቀን ግን እርሱ ተከሳሽ፥ እርስዋ ዳኛ ሆኑ።

አሁን የተቃዋሚዬን ብርቱ ነገር ልናገርለት። የቲዮን እናት ኤሚሊም በዚያው ሠፈር ታስራ ነበር፤ በማርች 1945 በመርዝ ጢስ ገደሏት። የልጅዋ ዕውቀት አላዳናትም። ይህን አልሸሽግም። ግን ዝምታስ ማንን አዳነ? ዝምታ የማይጎዳ ቢሆን ኖሮ፥ ገዳዮቹ መሸነፋቸውን ባወቁ ጊዜ የሠፈሩን መዝገብ ለምን አቃጠሉት? ግፈኛ ዝምታ ምን ያህል እንደሚያገለግለው ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

መዝገቡ ቢቃጠልም ምስክርዋ አልተቃጠለችም። በኤፕሪል 1945 የስዊድን ቀይ መስቀል ሲያወጣት የሠፈሩን ዋና ዋና ሹማምንት ስም የወጥ አሠራር አስመስላ ጽፋ ይዛ ወጣች፤ ሐኪሞች ለሙከራ እግራቸውን የቀደዷቸውን የፖላንድ ልጃገረዶች የሚያሳይ ያልታጠበ ፊልምም ይዛ ነበር። በ1946 ስለ ሠፈሩ መጽሐፍ አወጣች፤ በ1973ና በ1988ም ያንኑ መጽሐፍ እያረመች እንደ ገና ጻፈችው። ለእውነት የቆመ ሰው የራሱንም ስሕተት አይምርምና።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን ኋላ መጣ። የጠላትን ግፍ መናገር ለብዙ ሰው ይቀናዋል፤ የወገንን ግፍ መናገር ግን ጥቂቶች ብቻ የሚደፍሩት ነው። በ1957 የገዛ አገርዋ ጦር በአልጄሪያ እስረኞችን ሲያሠቃይ «እኛ የናዚ ግፍ የደረሰብን ነን» ብላ ዐይንዋን አልጨፈነችም፤ ሄዳ መረመረች፥ አጋለጠችም። ከአልጄሪያ ተዋጊዎች መሪዎች አንዱንም በስውር አግኝታ ሰላማውያንን መግደል ይቅር አለችው። በዚህ ምክንያት ከሁለቱም ወገን ነቀፋ ብታገኝ አያስደንቅም። በ2008 በመቶ ዓመትዋ ሞተች፤ በ2015ም ፈረንሳይ በታላላቆችዋ መታሰቢያ በፓንቴዎን ስምዋን አኖረች።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሁሉ ሰው ጀግና ይሁን አልልህም፤ በከንቱም ሙት አልልህም። የምለምንህ ይህን ነው። ግፍ ስታይ ቀኑን፥ ቦታውንና ስሙን ልብ በል። ያላየኸውን አትጨምር፤ ያየኸውን አትቀንስ። የወገንህ በደል ላይ ስትደርስ ብዕርህ አይድረቅ። መማርህ ለእንጀራህ ብቻ ከሆነ፥ እንጀራህን የሚሰጥህ ሁሉ ምላስህንም ይገዛዋል።

እህል በጎተራ ተዘግቶበት ሲቈይ ውስጥ ውስጡን ተበልቶ ገለባ ይሆናል። በሰው ሆድ የተዘጋ እውነትም እንዲሁ ነው። የአባቶችን ተረት አከብራለሁ፤ ግፍ ባለበት ዘንድ ግን ዝም ይነቅዛል።