የስኳር ውጤት ለባለቤቱ ይመለስ

በጅማው ሄርማታ ገበያ ቡናውን አስመዝኖ ኪሎውንና ዋጋውን ሳያውቅ ወደ ቤቱ የሚመለስ ገበሬ የለም። ይኸው ገበሬ ለስኳር ክትትል ሲሄድ ግን ደሙ ይለካል፣ ውጤቱ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ መድኃኒት ይታዘዝለታል፣ ካርዱም ወደ ካርድ ክፍል ይመለሳል። ውጤቱ ካለፈው ቀጠሮ ይሻል ወይም ይባስ፣ መድረስ ካለበት ምን ያህል እንደራቀ ብዙ ጊዜ የሚነግረው የለም። የሚያክመው ባለሙያም ቢሆን ከሚከታተላቸው ሰዎች መካከል የስንቱ ስኳር እንደተስተካከለ ቢጠየቅ፣ ካርድ በካርድ ካልቆጠረ በቀር መልስ አያገኝም። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች የስኳር ሕክምናን ለማሻሻል ቀዳሚው ሥራ አዲስ መሣሪያ መግዛት አይመስለኝም። አሁንም የሚለካውን ቁጥር ለታካሚውም ለሐኪሙም መመለስ ይቀድማል።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በሸነን ጊቤ ሆስፒታል የተደረጉ ጥናቶች፣ ክትትል ላይ ካሉት ታካሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስኳራቸው ከሚፈለገው በላይ እንደነበር አሳይተዋል። እነዚህ ሰዎች ሕክምና ቤት ያልደረሱ አይደሉም፤ ካርድ አውጥተው ክትትል የጀመሩ ናቸው። የስኳር ውጤት ለብቻው ተነጥሎ ሲታይ ብዙም አያስደነግጥም። ዛሬ ከፍ ቢል የትናንት ምግብ ይሆናል ተብሎ የቀድሞው መድኃኒት ይደገማል፤ የአራት ቀጠሮ ውጤት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን መድኃኒቱ መለወጥ እንዳለበት ራሱ ይናገራል። ስኳርን በማስተካከልና ባለማስተካከል መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። በብሪታንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ በሆነው ታላቅ ጥናት፣ ኤ ዋን ሲ የሚባለውና የሁለትና የሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየው ምርመራ በአንደኛው ቡድን 7.0፣ በሌላው 7.9 በመቶ ነበር። በዚህች ከአንድ የመቶኛ ነጥብ ባነሰች ልዩነት ብቻ ዓይንንና ኩላሊትን በመሳሰሉ አካላት ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በሩብ ቀንሶ ተገኝቷል።

ግብረ መልስ ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዎ ነው፤ ነገር ግን ተአምር አይጠበቅበትም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት ተመራማሪዎች 140 ጥናቶችን ገምግመው፣ ባለሙያዎች የራሳቸው ሥራ ተለክቶ ሲነገራቸው ትክክለኛውን ሕክምና የመስጠታቸው ድርሻ በመካከለኛ ግምት 4.3 የመቶኛ ነጥብ እንደሚጨምር አገኙ። ጭማሪው ከፍ የሚለው መነሻው ዝቅተኛ በሆነበት፣ መረጃውን የቅርብ ኃላፊ ወይም የሥራ ባልደረባ ሲያቀርበው፣ በቃልም በጽሑፍም ተደጋግሞ ሲነገር፣ ግልጽ ግብና ቀጣይ እርምጃ ሲኖረው ነው። ይህ በጅማ ዙሪያ ያሉት የአጋሮና የሊሙ ገነት ጤና ተቋማትም ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ነው። ክትትሉን ለምታደርገው ነርስ በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ ይበቃታል፦ ስንት ሰው ተመዝግቧል፣ የስንቱ ስኳር ግቡ ላይ ደርሷል፣ የስንቱ እግር ታይቷል፣ ስንቱ ከቀጠሮ ቀርቷል። ታካሚው ደግሞ ያለፉት ውጤቶቹና ግቡ የተጻፉበት ትንሽ ደብተር ይያዝ፤ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚሞክረው አንድ ነገርም በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ፣ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ይሂድ። ማንበብ የማይችል ከሆነ ልጁ ያነብለታል፤ ግቡን ያለፈ ውጤት በቀይ እስክሪብቶ ቢጻፍም መልእክቱ ይደርሰዋል።

ኢንሱሊን ሲጠፋ፣ መመርመሪያ ስትሪፕ ሲያልቅ ቁጥር መናገር ምን ይፈይዳል የሚል አይጠፋም። እጥረቱ እውነት ነው። ሆኖም መድኃኒት በጠፋበት ወር የስንት ሰው ስኳር እንደወጣ የሚያሳይ ገጽ ከአቤቱታ ይልቅ ክብደት አለው። ሊሙ ገነት የምትገኝበት ሊሙ ኮሳ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር፤ መዋጮ የሚከፍል አባል ገንዘቡ ምን ውጤት እንዳመጣ የመጠየቅ መብት አለው። በቡና ለቀማ ወራት ቀጠሮ የሚያልፋቸው ከበዙም፣ ታካሚውን ከመውቀስ የቀጠሮውን ጊዜ ማስተካከል እንደሚሻል የሚያሳየው ይኸው ገጽ ነው። ሁለተኛው ስጋት ቁጥሩ መገምገሚያና መቅጫ ይሆናል የሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ ተገቢ ስጋት ነው። ነጥብ ለመስጠት የተሰበሰበ ቁጥር ይዋሻል። ስለዚህ ገጹ መጀመሪያ ለሚሠሩበት ሰዎች ይድረስ፣ በክፍሉ ስብሰባ ላይ ይመከርበት እንጂ የደረጃ ሰንጠረዥ ሆኖ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ።

ባለሙያው ሥራ በዝቶበታል የሚለው ክርክር ግን ብዙ አይራመድም፤ እነዚሁ ጤና ጣቢያዎች ከዚህ የከበደውን ሠርተዋል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ሲሰጥ ታካሚው በስሙ ተመዝግቦ፣ የቀረው ተፈልጎ፣ ውጤቱ በየጊዜው ተገምግሞ ነው እዚህ የተደረሰው። ጅማና ጎንደርም የስኳርና የሚጥል በሽታ ክትትልን ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አውርደው በነርሶች እጅ ካስቀመጡት ቀዳሚዎች መካከል ናቸው። የጎደለው በአንዱ በሽታ የለመድነውን መዝገብና ክትትል ለሌላው ማዋል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ሰዎች የ80 በመቶው ስኳር በቁጥጥር ሥር እንዲውል ግብ አስቀምጧል፤ የራሱን ታካሚዎች የማይቆጥር ክሊኒክ ከግቡ ይቅረብ ይራቅ ማወቅ አይችልም። የጅማ ዞን ጤና ጽሕፈት ቤትና ዩኒቨርሲቲው በጥቂት ጤና ጣቢያዎች ይጀምሩትና ውጤቱን ለሕዝብ ይንገሩ። እርስዎም፣ አንባቢ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ካርዱ ከመመለሱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ውጤቴ ስንት ነው? መሆን የነበረበትስ?