የጫጩቶች ነጭ ተቅማጥና የአንጀት ተሕዋስያን

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የተሻሻሉ ዶሮዎችን ማሠራጨት በገጠር ልማት ዐቢይ ተግባር ሆኗል። ይሁን እንጂ በማሻ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ የሚገኙ የገበሬ ማኅበራት መሪዎችን ሊያሳስባቸው የሚገባው የተረከቡት ዶሮ ብዛት ሳይሆን ከወር በኋላ በሕይወት የሚገኘው ነው።

ዶሮ በጅምላ ሲያልቅ ገበሬው «ፈንግል ገባ» ይላል። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው። ጫጩት ክንፏን ጥላ፣ ቂጧ በነጭ ተቅማጥ ተለጥፎ ስትሞት ግን ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ መጠርጠር ይገባል።

በእናቷ ሥር የተፈለፈለች ጫጩት ከእናቷ ጋር ስትጭርና ከኩሷ መሐል ስትለቅም ጠቃሚ ተሕዋስያን ወደ አንጀቷ ይገባሉ። እነዚህም ቦታውን ቀድመው ይይዛሉ፤ ምግቡን ይሻማሉ፤ አሲድ እያመነጩ መጤውን ባክቴሪያ መቀመጫ ያሳጡታል። በማሽን የተፈለፈለችው ግን ይህን የምታገኝበት እናት የላትም፤ ስለዚህ ጥቂት ሳልሞኔላ ይበቃታል። እ.ኤ.አ. በ1973 ኑርሚና ራንታላ የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ከጤናማ ዶሮዎች አንጀት የተወሰደ ይዘት ለጫጩቶች በመስጠት ሳልሞኔላን መከላከል እንደሚቻል አሳይተዋል። (ይህን ሰምቶ ኩስ በጥብጦ ማጠጣት ግን አይገባም፤ ሌላ በሽታ ያስገባል።)

ሳልሞኔላ አንዴ ከበረታ የአንጀቱን ግድግዳ ያስቆጣል። በዚህም ኦክስጅን ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ያለ አየር የሚኖሩት ጠቃሚ ተሕዋስያን ይመናመናሉ፤ እርሱ ግን በዚያው ይራባል።

ለሰው የተሠራ የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ በውሃ በጥብጦ ማጠጣት በየመንደሩ የሚታይ ልማድ ነው። መድኃኒቱ ፈንግልን ጨርሶ አያድንም። ጠቃሚዎቹንም ተሕዋስያን አብሮ ይፈጃል፤ የተረፈው ባክቴሪያም መድኃኒቱን ይለምዳል። የአውሮፓ ኅብረት ለማፋፊያ ሲባል እንዲህ ያለ መድኃኒት ከመኖ ጋር መስጠትን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከለከለው በዚሁ ሥጋት ነው።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ከበሽታው የተረፈችው ዶሮ ናት። ጤነኛ መስላ ባክቴሪያውን ይዛ ትቆያለች፤ በእንቁላሏም ለጫጩቶቿ ታስተላልፋለች። ስለዚህ ከታመመ መንጋ የተገኘ እንቁላል ማስታቀፍ፣ የታመመችውንም ወደ ገበያ አውጥቶ መሸጥ በሽታውን ለጎረቤት ማኅበር ማከፋፈል ነው።

የማኅበር መሪዎች ዶሮ ሲረከቡ የክትባት ማስረጃ ይጠይቁ። የፈንግልም ሆነ የዶሮ ታይፎይድ ክትባት ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። አዲስ መጤዎቹ ከመንደሩ ዶሮ ተለይተው ይቆዩ፤ በደጋው ብርድ ሙቀት አይጓደልባቸው። ሞት ከበዛም መድኃኒት ከመግዛት በፊት ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ይቀድማል፤ ናሙናው ኮምቦልቻ በሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሊመረመር ይችላል።