የኢ-ሜይል ጸረ-ቫይረስ፤ በአንድ በር ሁለት ዘበኛ

ኮምፒዩተር ሻጮች ዕቃውን ሲያስረክቡ አብረው የሚያቀርቡት ሸቀጥ አለ፤ በየዓመቱ የሚታደስ ጸረ-ቫይረስ። ከቤቱ ሆኖ ፕሮፎርማና የጭነት ሰነድ በኢ-ሜይል የሚቀበለው አስመጪም "ገንዘቤን ይጠብቅልኛል" በሚል ብዙ ሳይከራከር ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ገንዘቡ ለማይወጣበት በር ነው።

ቀድሞ ስጋቱ ተጨባጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 ሜሊሳ የተባለው ቫይረስ በዎርድ ሰነድ ተሸሽጎ፣ ከተጠቂው የአድራሻ መዝገብ ላይ ለ50 ሰዎች ራሱን ይልክ ነበር። በግንቦት 2000 ደግሞ ከፊሊፒንስ የተነሳው "አይ ላቭ ዩ" የፍቅር ደብዳቤ መስሎ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን በቀናት ውስጥ አዳረሰ። አገሪቱ ድርጊቱን የሚቀጣ ሕግ ስላልነበራት ተጠርጣሪው ክሱ ተነስቶለት ነጻ ወጥቷል። በዚያን ጊዜ ለጸረ-ቫይረስ መክፈል ተገቢ ነበር።

ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ግን ዲፌንደር የተባለው ጸረ-ቫይረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣል። ጂሜይል አባሪዎችን ይፈትሻል፤ ሲከፈቱ በራሳቸው ሥራ የሚጀምሩ የፕሮግራም ፋይሎችንም አይቀበልም። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ከኢንተርኔት በሚመጡ ሰነዶች ውስጥ ያሉ ማክሮዎችን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ መዝጋት ጀምሯል። በዚህ ላይ ለኢ-ሜይል ተብሎ ሌላ መግዛት በአንድ በር ሁለት ዘበኛ መቅጠር ይሆናል። እርግጥ ሕጋዊ ባልሆነ ቅጂ የሚጠቀምና እንዳይታወቅበት ማሻሻያውን ያዘጋ ሰው ዘበኛው ተኝቶበታል። እሱም ቢሆን መፍትሔው ሁለተኛ ዘበኛ ሳይሆን የመጀመሪያውን መቀስቀስ ነው።

ነጋዴውን የሚያከስረው ደብዳቤ ቫይረስ የለውም። የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ እ.ኤ.አ. በ2023 በተቀበላቸው አቤቱታዎች መሠረት፣ በሐሰተኛ የንግድ ኢ-ሜይል የጠፋው ገንዘብ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። ፋይል ቆልፈው ቤዛ በሚጠይቁ ቫይረሶች ጠፋ የተባለው ደግሞ 60 ሚሊዮን አይሞላም። በርካታ ተጠቂዎች ቤዛውን እንደማያሳውቁ ቢታሰብ እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሌባው የአቅራቢውን ኢ-ሜይል ሰብሮ ይገባል፤ ወይም በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ አድራሻ ይከፍታል። ፕሮፎርማው እስኪላክ ጠብቆ "የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል" ብሎ ይጽፋል። ሻጮች የሚከፈልበት ጸረ-ቫይረስ አጭበርባሪ ሊንኮችን እንደሚያግድ ይናገራሉ፤ እውነትነት አለው። ነገር ግን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለው የሒሳብ ቁጥር እንጂ ሊንክ አይደለም። በተለይ በቅድሚያ በቲቲ የሚከፍለው፣ የውጭ ምንዛሪ ወራት ጠብቆ ያገኘው አስመጪ፣ ገንዘቡ አንዴ ከሄደ የማስመለስ ዕድሉ የመነመነ ነው።

ስለዚህ ለዓመታዊው ክፍያ የታሰበው ብር የሰነዶችን ቅጂ ለሚይዝ ሃርድ ዲስክ ቢውል ይሻላል። የኢ-ሜይሉን መግቢያ በስልክ በሚላክ ተጨማሪ ቁጥር ማጠር ደግሞ ምንም አያስወጣም። ሒሳብ ተቀየረ ሲባል ባንክ ከመሄድ በፊት ለአቅራቢው መደወል ያስፈልጋል። የሚደወለው ግን ቀድሞ በሚታወቀው ስልክ ነው፤ በአዲሱ ደብዳቤ ላይ ባለው ቁጥር ከተደወለ የሚያነሳው ሌባው ራሱ ሊሆን ይችላል።