ከያኒው ስለ ሙያው ይጠየቅ!

የኢትዮጵያ ዓለማዊ ሙዚቃ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲወራረስ የኖረ ሙያ ነው። ስለሆነም የሙያው መዝገብ ባለሙያው ራሱ ነው። ከከያኒ ጋር የሚደረገውን ቃለ መጠይቅ ከተራ ወግ የሚለየውም ይኸው ነው፤ በቸልታ ያከናወነው ጠያቂ መጪውን ትውልድ ይበድላል።

በየጋዜጣውና በየማሰራጫ ጣቢያው የሚቀርቡት ቃለ መጠይቆች ግን አብዛኞቹ አንድ መልክ አላቸው። ድምፃዊው የት ተወለደ? ትዳር መሥርቷል ወይ? ምን ዓይነት ምግብ ይወዳል? በመጨረሻም «ለአድናቂዎችህ የምታስተላልፈው መልእክት ካለ» ይባልና ይዘጋል። ደራሲውም ከዚህ አያመልጥም፤ መጽሐፉን ባላነበበ ሰው ስለ መጽሐፉ ይጠየቃል።

የክራር ተጫዋቿና ተዋናይቷ አስናቀች ወርቁ በ2004 ዓ.ም. ዐረፈች። ስለ ውበቷና ስለ ድፍረቷ ሲወራ ይሰማል። ክራሯን በምን ስልት ትቃኝ እንደ ነበር፣ ቀኝ እጇ ሲመታ ግራ እጇ የትኛውን ክር ያፍን እንደ ነበር የጠየቃት ግን ስንቱ ነው? በ2008 ዓ.ም. ያረፈው ጌታቸው መኩሪያም የአርበኛውን ሽለላና ፉከራ በሳክስፎን ያስተጋባ ሰው ነበር። የፎካሪው ድምፅ ሲሻክርና ሲቆራረጥ በመሣሪያው ላይ የሚገለጸው በከንፈር ነው፣ በምላስ ነው፣ ወይስ በጉሮሮ? ይህን ከባለሙያው አንደበት ያልሰማ ወጣት መልሱን ከሸክላ ላይ በጆሮው እየገመተ ከመፈለግ በስተቀር ምርጫ የለውም።

ሌላም ጉድለት አለ። ጠያቂው ከመድረኩ ፊት የቆመውን ብቻ ስለሚያይ ከጀርባ ያሉት ይረሳሉ። በ2001 ዓ.ም. ያረፈው የጥላሁን ገሠሠ ስም በየቤቱ ይጠራል፤ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዜማ ይደርስ የነበረውን ሳህሌ ደጋጎን ግን ከሙያው ክበብ ውጭ ስንት ሰው ያውቀዋል?

«አንባቢ የሚሻው ይህንኑ ነው» የሚል መከላከያ ይቀርባል። ለመሆኑ አንባቢ ያልቀረበለትን ማዕድ እንዴት ይመርጣል? «የከያኒው ሕይወት ከሥራው አይነጠልም» የሚለው ክርክር ግን ከባድ ነው፤ እውነትነትም አለው። በ1975 ዓ.ም. የታተመውን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ከቀይ ኮከብ ዘመቻና ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ከመጥፋቱ ለይቶ ማየት አይቻልም። ነገር ግን እዚህ ላይ ሕይወቱ የሚነሳው ሥራውን ስለሚያብራራ ነው። የሚወደው ወጥ የትኛውን ምዕራፍ ያብራራል?

መፍትሔው ትጋት እንጂ የገንዘብ ብዛት አይጠይቅም። ጠያቂው አስቀድሞ ሥራውን ያንብብ፣ ያዳምጥ። ሙዚቀኛው መሣሪያውን ይዞ እየተጫወተ እንዲያስረዳ ያድርግ። የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤቶች በስም ይመዝግብ። ለኅትመት የተረፈውንም ቅጂ ሳይጥል ለቤተ መዛግብት ያስረክብ። ከያኒውም ቢሆን ስለ ሙያው እስኪጠየቅ አይጠብቅ፤ ከንቱ ጥያቄ ሲቀርብለት ወደ ሥራው ይመልሰው።

ክራሩ በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ለዘመናት ሊቀመጥ ይችላል። እንዴት እንደሚቃኝ የሚያውቀው ሰው ግን ዕድሜው የተቆጠረ ነው፤ ጥያቄውም ዛሬ፣ እርሱ በሕይወት ሳለ ይቅረብ።